መተማ ላይ የቤት ማሞቂያ መሥራት አያስፈልግም፤ ተሠርቶ አልቋል

ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። አንድ ፈረንጅ ባዶ የለስላሳ ጣሳ ይሰበስባል። ጣሳዎቹን ከላይና ከታች በስቶ እርስ በርስ ያጣብቃል፣ ጥቁር ቀለም ይቀባል፣ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ደርድሮ በመስታወት ይሸፍናል። ሳጥኑን ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ ይሰቅልና ወደ ቤቱ ሁለት ቀዳዳ ያወጣለታል። የቤቱ ቀዝቃዛ አየር በታችኛው ቀዳዳ ወደ ሳጥኑ ይገባል፣ በጣሳዎቹ ውስጥ እየሞቀ ሽቅብ ይወጣና በላይኛው ቀዳዳ ወደ ቤት ይመለሳል። ውጭ በረዶ ነው፣ ሰውየው ግን በካናቴራ ቆሞ ይስቃል። መብራት የለ፣ ከሰል የለ፣ የወር ሒሳብ የለ።

ይህንን በሚያዝያ ወር መተማ ዮሐንስ ቁጭ ብሎ ማየት ቀልድ ነው። ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳችሁ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር አካባቢ የሆነ ሜዳ ላይ ስትደርሱ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀኑ ከ40 ዲግሪ ቢያልፍ የሚገረም የለም። እዚያ ሰው ፊት "የቤት ማሞቂያ" ብላችሁ ብትጀምሩ "ምን ነካህ ወንድሜ?" ነው መልሱ። የእኔ ዘመን ሰው መተማን የሚያውቃት ከታሪክ ክፍለ ጊዜ ነው፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ቦታ ብሎ። የመጋቢት ፀሐይ ምን እንደምትመስል ግን አስተማሪዎቻችን አልነገሩንም።

ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳየው ታዲያ የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ሳጥን መተማ ውስጥ አለ። ገንዳ ውሃም አለ፣ ሽንፋም አለ፣ በየሰፈሩ ተደርድሯል። በር ተገጥሞለት፣ አልጋ ገብቶለት፣ በወር እየተከራየ ነው። የቆርቆሮ ቤት እንለዋለን።

ማጋነን እንዳይመስላችሁ። የፀሐይ አየር ማሞቂያ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ፀሐይን የሚውጥ ብረት፣ ብረቱን እየነካ የሚሞቅ አየር፣ አየሩ እንዳያመልጥ አፍኖ የሚይዝ ሳጥን። የቆርቆሮ ቤታችን ሦስቱንም ያሟላል። አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፣ ብዙ ብርሃን ይመልሳል፤ ነገር ግን የዋጠውን ሙቀት በቀላሉ አይለቅምና እሱም ይግላል። ጥቂት ክረምትና በጋ ሲፈራረቅበት ደግሞ አቧራና ዝገት ያጠቁረዋል፣ ያኔ እንደ ሰውየው ጣሳ ይሆናል። ከዚያ በጣሪያውና በግድግዳው መሃል ያለውን ክፍተት በላስቲክ፣ በጨርቅ፣ በጭቃ እንደፍናለን። አቧራ እንዳይገባ ነው፣ እባብ እንዳይገባ ነው፣ ምክንያቱ ልክ ነው። ውጤቱ ግን ሳጥኑን ማተም ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አራት ሜትር በአምስት ሜትር የሆነ ቤት እንውሰድ። ጣሪያው ቢያንስ 20 ካሬ ሜትር ነው። ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ገደማ ታወርዳለች። ጠቅላላው 20,000 ዋት። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ስለዚህ በዚያች ትንሽ ቤት ጣሪያ ላይ የሚወርደው ፀሐይ አምስት ስድስት ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደ መጣድ ነው። እርግጥ ሁሉም ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከፊሉን ቆርቆሮው ይመልሰዋል፣ ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል። አንዱ ምጣድ ብቻ ገባ ብትሉ እንኳ፣ በአርባ ዲግሪ ቀን ምጣድ የተጣደበት ክፍል ውስጥ በር ዘግቶ የሚተኛ ማነው?

አቀማመጧም ያግዛታል። መተማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናቷ ላይ ትቆማለች፣ አንዱ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ነው፤ ሙቀቱ በሚበረታበት ወር መሃል ማለት ነው። ሌላው ነሐሴ ላይ ነው፣ ያኔ ደመናና ዝናብ ይሸፍነናል። ለዚህ ነው በሚያዝያ ቀትር ላይ ግድግዳ ማጥቆርም ሆነ ማንጣት ብዙ ለውጥ የማያመጣው። ነገሩ ያለው ጣሪያው ላይ ነው። (ከሰዓት በኋላ የምዕራቡን ግድግዳ አትርሱት፣ እሱም የራሱ ጉድ አለው።)

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ይህ ማሞቂያ የቲክቶክ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1881 ኤድዋርድ ሞርስ የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት፣ የማሳቹሴትስ ሳሌም ከተማ ነዋሪ፣ ለዚሁ ዓይነት የፀሐይ ግድግዳ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። የምዝገባው ርዕስ ማሞቅን ብቻ ሳይሆን አየር ማናፈስንም ይጠቅሳል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ ፌሊክስ ትሮምብ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስና ዣክ ሚሼል የተባለ አርክቴክት ኦደዮ በምትባል የፒሬኔ ተራሮች መንደር ውስጥ በዚሁ ዘዴ የሚሞቅ ቤት ሠሩ፤ ዛሬም ዘዴው በትሮምብ ስም ይጠራል። ክረምት ላይ ትኩሱ አየር ወደ ቤት እንዲገባ የላይኛው ቀዳዳ ይከፈታል። በጋ ላይ ያ ቀዳዳ ይዘጋና ወደ ውጭ የሚያስወጣ ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል። ትኩሱ አየር ወደ ውጭ ሲሸሽ የቤቱን አየር ከኋላው ይስበዋል፣ በሌላ በኩል ካለ ጥላ ቦታ አዲስ አየር ይገባል። ያው ሳጥን፣ ያው ፀሐይ፣ የተለየው ቀዳዳው የት እንደተከፈተ ብቻ ነው። ማሞቂያው ማናፈሻ ሆነ።

እኛ ማሞቂያውን ሠርተን ቀዳዳውን ረሳነው።

የቆርቆሮ ቤት ላይ ይሄ ምን ማለት ነው? ሁለት ነገር ነው የሚያቃጥለን። አንደኛው ከቆርቆሮው ሥር የታመቀው ትኩስ አየር ነው። ሁለተኛው ቆርቆሮው ራሱ ወደ ታች የሚለቀው ግለት ነው፤ ምጣድ አጠገብ ስትቆሙ ሳትነኩት ፊታችሁን እንደሚለበልበው ማለት ነው። ለሁለተኛው መድኃኒቱ ኮርኒስ ነው። ከኮምፔንሳቶ ቢሆን ጥሩ፣ ካልሆነም የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ ተወጥሮ ቢሆን ከምንም ይሻላል፤ በእኛና በጋለው ብረት መካከል ይቆማል። ለመጀመሪያው መድኃኒት ደግሞ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ክፍተት ሁለት ቦታ መክፈት ነው፦ ታች በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ፣ ላይ በጣሪያው ራስ ላይ። ጣሪያው ራስ ላይ የሚደፋውን ቆርቆሮ በሞራሌ ቁራጭ ከፍ አድርጎ መምታት በቂ ነው፤ ወደ ሁለት ጎን በደንብ ተርፎ ከወረደ ዝናብ አያስገባም። ያኔ ያ ክፍተት የሰውየውን ሳጥን ይሆናል፤ ፀሐይ በበረታች ቁጥር ትኩሱ አየር በራሱ ጊዜ ሽቅብ ይወጣል፣ ከታች ሌላው ይተካዋል። ማራገቢያ የለው፣ የሚቆጥር ቆጣሪ የለው።

ተአምር አልሸጥላችሁም። ውጭው 42 ዲግሪ ሲሆን ቤቱን 25 የሚያደርግ ቀዳዳ የለም። ይህ ሥራ ቤቱን ከውጭው አየር በላይ እንዳይግል ነው የሚያደርገው። ግን ልዩነቱን ንቀት አትመልከቱት፤ የቆርቆሮ ቤት ችግሩ መተማ መሞቋ ሳይሆን ቤቱ ከመተማም በላይ መሞቁ ነው። ትልቁ ትርፍ ደግሞ ማታ ነው የሚታየው። ውጭው ከመሸ በኋላ ሲለዝብ፣ የታሸገ ቤት የቀኑን ሙቀት ይዞ ይቆያል። ክፍት የሆነው ቶሎ ይለቃል።

ማታው ላይ ቆም ልበል፤ ይህንን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነውና።

ቆላ ውስጥ በበጋ ማታ ሰው የት ነው የሚተኛው? ውጭ። አልጋው ይወጣል፣ በሱዳኖቹ ወግ የተሠራው የገመድ አልጋ አንገረብ ይወጣል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል። ደስ የሚል ነገር አለው፣ ኮከብ እያዩ ማውራት አለ፣ አልክድም። ነገር ግን ምዕራብ ጎንደር የካላዛር አገር ነው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትናከሰው በብዛት ማታ ነው። የምትወደውም ያንኑ የተሰነጣጠቀ ጥቁር መሬትና የግራር ዛፍ ሥር ነው። በዚህ አካባቢ የተሠሩ ጥናቶች ማታ ግራር ሥር መተኛትን ከበሽታው ጋር አያይዘውታል። ካልታከመ ካላዛር ያመለጠው ሰው የለም ማለት ይቻላል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኝ ሲነሳ ደጋውን ያስደነገጠው፣ በሽታውን ቆላ ወርደው ሠርተው የተመለሱ ሰዎች ይዘውት እንደመጡ መታመኑ ነበር። ዛሬም አብደራፊና ጎንደር ላይ ለዚሁ በሽታ የሚታከሙ አሉ። ወባው በዚያ ላይ ነው።

"አጎበር ተጠቀሙ" ይባላል፣ ትክክል ነው፣ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ይረዳል። የአሸዋ ዝንብ ግን ከትንኝ በጣም ታንሳለች፣ ሰፋ ያለ ዓይን ያለው አጎበር አያቆማትም። ቤት ውስጥ በአጎበር ተኙ ማለት ደግሞ ቀላል ነው፤ ቤቱ ምጣድ ከሆነ ግን ማን ይሰማል? ለዚህ ነው የጣሪያ ቀዳዳ ነገር የምቾት ጥያቄ ብቻ አይደለም የምለው። ሰውን ማታ ከቤቱ ገፍቶ የሚያስወጣው ጣሪያው ነው። (ቀዳዳ ስትከፍቱ ደግሞ ደቃቅ ወንፊት ግጠሙለት፤ የአሸዋ ዝንቧን ለመሸሽ ብለን በር እንዳንከፍትላት።)

ለሰሊጥ አረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ጉዳይ ከሁሉም የባሰ ነው። ብዙዎቹ እርሻው ላይ የሚያድሩት ላስቲክ በተወጠረበት ዳስ ወይም ዛፍ ሥር ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ወዲህ ደግሞ ድንበሩን ተሻግረው በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች አርፈው የነበሩ ስደተኞች አሉ። የላስቲክ ድንኳን እኮ ከቆርቆሮ ቤት የባሰ ማሞቂያ ነው፤ የሱ የላይኛው ቀዳዳ ጭራሹን የለም። ሱዳኖች ራኩባ የሚሉት፣ አራት ምሰሶ ላይ ሣር የተደረበበት ጎኑ ክፍት ጥላ፣ ከዚያ ድንኳን በላይ ቢተከል ብዙ ነገር ይቀይራል። ፀሐይዋ ራኩባው ላይ ትቀራለች፣ በመሃል አየር ያልፋል። ይህንን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፣ እረኞቹ ሁሉ ያውቁታል።

ይሄን ስል "ታዲያ ለምን ወደ ሣር ቤት አንመለስም?" የሚል ይመጣል። የጉሙዝ ወገኖቻችን በሽመልና በሣር የሚሠሩት ጎጆ ለዚህ አየር እንደተሰፋ ልብስ ነው፤ ሣሩ መሃል የተያዘው አየር ሙቀት ይከለክላል፣ ትኩሱም በሣሩ እየሰረገ ይወጣል። ቢሆንም ሰው ቆርቆሮ የመረጠው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ሣር ይቃጠላል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፣ ጥሩ ሣር ደግሞ በየዓመቱ እየራቀ ነው። ሌላም ማንም የማያነሳው ምክንያት አለ። ቆርቆሮ ቁጠባ ነው። ሰሊጥ ተሽጦ የተገኘ ብር ባንክ ከሚተኛ ቆርቆሮ ሆኖ ጣሪያ ላይ ቢተኛ፣ ሲቸግር ይነቀልና ይሸጣል፣ መሄድ ሲመጣ ተጭኖ ይኬዳል። ነገ የት እንደሚያድር እርግጠኛ ባልሆነ ሰው ዓይን፣ የሚነቀል ጣሪያ ከማይነቀል ይሻላል። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ይህንን ከየትኛውም መምህር አልሰማሁትም፤ ገንዳ ውሃ ላይ ግን ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ "ቆርቆሮ ይቅር" የሚል ምክር የትም አይደርስም። ቆርቆሮው ይቆይ፣ ቀዳዳው ይከፈት ነው የምለው።

ታዲያ ነገሩ እንዲህ ርካሽ ከሆነ ለምን አልተሠራም? እዚህ ላይ የተማርኩት ትንሽ ይረዳኛል። ገንዳ ውሃ ላይ የተከራየሁባት ክፍል ኮርኒስ አልነበራትም። አከራዬ ደግ ሰው ናቸው፣ ቡና ሳይጠሩኝ አይጠጡም። ስለ ጣሪያው ሳነሳባቸው ግን "አንተ ነገ ትሄዳለህ፣ ኮርኒሱ ለማን ሊሆን ነው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ብሠራው ጥዬላቸው እሄዳለሁ፣ እሳቸው ቢሠሩት ኪራዩን አይጨምርላቸውም፤ ምክንያቱም ክፍል የሚከራየው ሰው በጠዋት መጥቶ አይቶ ነው የሚስማማው፣ በጠዋት ደግሞ ሁሉም ክፍል ቀዝቃዛ ነው። የሚከፍለው አንዱ፣ የሚጠቀመው ሌላው ሲሆን ርካሽ ነገር እንኳ ሳይሠራ ዓመታት ያልፋል። ከንግግራችን በኋላ የተስማማነው በመሃል ነው፦ የከረጢቱን ኮርኒስ እኔ ገዛሁ፣ ሁለት ወገን ባለው ግድግዳ አናት ላይ ቀዳዳ የማስከፈቱን የአናጢ ዋጋ እሳቸው ቻሉ። ቤት የምትከራዩ ልጆች፣ ሁለተኛውን ከአከራያችሁ ጋር ሞክሩት። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፍሉ ውስጥ አስገብታችሁ አወያዩአቸው፣ ያግባባል።

ማራገቢያስ? ቆላ ውስጥ ማራገቢያ የሚወደድ ዕቃ ነው፣ እኔም አለኝ። ከጎንደር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የሚያልፍ ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር አለ፤ በላያችን ኃይል ሲያልፍ እያየን መብራት የምንጠብቅበት ማታ ግን ብዙ ነው። ቢኖርም ማራገቢያ አየሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። የዓለም ጤና ድርጅት የክፍሉ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን ማራገቢያ ሰውነትን ያሞቃል ብሎ ይመክራል። ያው ከምድጃ ፊት እንደሚነፍስ ነፋስ መሆኑ ነው። በታሸገ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለ ማራገቢያ የሰውየውን ማሞቂያ ነው የሚያግዘው።

ቀለምም አለ። የሕንዷ አሕመዳባድ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 በሙቀት ማዕበል ተመታች፤ በዚያ ወር ከወትሮው ከ1,300 በላይ ተጨማሪ ሰዎች መሞታቸውን ተመራማሪዎች ቆጥረዋል። ከተማዋ በ2013 የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣች፣ በ2017 ደግሞ በደሃ ሰፈሮች ያሉ ጣሪያዎችን በኖራ ነጭ መቀባት ጀመረች፤ ግቡ 3,000 ጣሪያ ነበር። ነጭ ጣሪያ አብዛኛውን ብርሃን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። እኛ ጋ ኖራ ብቻውን ለስላሳ ቆርቆሮ ላይ በደንብ አይዝም፣ ክረምት ያጥበዋል፤ ለውጭ የሚሆን ነጭ ቀለም ይሻላል። ቢታጠብም ግን አስቡት፦ የሚያስፈልገን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ዝናቡ የሚጀምረው ሰኔ ነው። የካቲት ላይ የተቀባ ጣሪያ ዋና ሥራውን ጨርሶ ነው የሚታጠበው።

እሺ፣ የሰውየው ሳጥን ራሱስ? መተማ ላይ ጭራሽ ጥቅም የለውም ወይ? አለው፤ ከቤት አውጡትና ጓሮ አስቀምጡት።

ሰሊጥ አያስፈልገውም። ሰሊጥ ታስሮ፣ ሂላ ሆኖ ቆሞ፣ ነፋስና ፀሐይ በነፃ ያደርቁታል። ባሚያ፣ ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ማንጎ ግን ሌላ ነው። በሽንፋና በጓንግ ዳር የሚያለማ ሰው ሁሉ ቲማቲሙ የሚደርሰው ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ሳምንት ነው፤ ያን ሳምንት ዋጋው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ባሚያማ ደርቆ ተፈጭቶ ሱዳኖች ዌይካ የሚሉት ነው፣ ወጣቸው ያለሱ ወጥ አይባልም። መሬት ላይ አስጥቶ ማድረቅ የተለመደ ነው፣ ግን አቧራው፣ ዝንቡ፣ ፍየሉ አለ፤ ቀጥታ ፀሐይም ቀለሙንና ቫይታሚኑን ይበላዋል።

አሠራሩ ከቪዲዮው ይቀላል፣ ጣሳ መልቀም የለበትም። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ የእንጨት ሳጥን፣ ውስጡ ጥቁር የማያብረቀርቅ ቀለም የተቀባ አሮጌ ቆርቆሮ፣ ከላዩ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ትታችሁ መስታወት። ከቆርቆሮው ሥር ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ጠቅጥቁ፣ ሙቀቱ ወደ ታች እንዳይሄድ። ሳጥኑ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ 25 ዲግሪ ገደማ ይጋደም፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ፀሐይዋ በዚያ በኩል ናት። ታችኛው ጫፍ ክፍት ሆኖ በወንፊት ይሸፈን፣ ላይኛው ጫፍ የወንፊት መደርደሪያ ባለው ቁም ሳጥን ሥር ይግባ። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ጥቁር የተቀባ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ ይቁም፤ እሱ ነው አየሩን የሚስበው። አየር በየ10 ዲግሪው ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል፣ ስለዚህ 20 ዲግሪ የሞቀ አየር በጣም የጠማው አየር ነው። ሁለት ካሬ ሜትር የሆነ እንዲህ ያለ ሳጥን በጥሩ ቀን ሦስት ኪሎ ገደማ ውሃ ከምግቡ ያወጣል ብዬ አሰላለሁ። ያ ማለት አራት ኪሎ ያልሞላ ባሚያ ነው። የቤተሰብ ዕቃ ነው፣ ፋብሪካ አይደለም፤ "ሀብታም ይሆናሉ" ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ሽሹት።

ለማሞቂያነትም ቢሆን ሳጥኑ የሚሆንበት ቦታ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ደባርቅ፣ ዳባት፣ ወዲያ ደብረ ብርሃን፤ ጠዋት ጠዋት እጅ የሚያደነዝዝ ብርድ፣ ቀኑን ሙሉ ጥርት ያለ ፀሐይ። እዚያ ሰው የከሰል ምድጃ ቤት አስገብቶ በር ይዘጋል፣ በጭሱ ያለቁትን የምንሰማው በየዓመቱ ነው። ሳጥኑ ማታ አይሠራም፣ ፀሐይ ስትገባ ያበቃል፤ ለመኖሪያ ቤት ግማሽ መልስ ነው። ቀን ቀን ብቻ ለሚሠራ መማሪያ ክፍልና ለጤና ኬላ ግን ልክ የተሰፋ ነው። የደጋ ልጆች፣ እሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ወደ ቆላው ስመለስ፣ የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። የከተማ አስተዳደሮች ለኪራይ ክፍሎች የግንባታ ፈቃድ ሲሰጡ ስንት ነገር ይጠይቃሉ፤ የጣሪያ መተንፈሻ አንድ መስመር ቢጨምሩ ማንንም አያከስርም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተማሪዎች በየዓመቱ የሚሠሩት የማሳያ ሥራ አላቸው፤ ሁለት አንድ ዓይነት የቆርቆሮ ክፍል ሠርተው፣ አንዱን አሽገው፣ አንዱን ከፍተው፣ በሁለቱም ቴርሞሜትር ይስቀሉ። ሰው ከንግግር ይልቅ ቁጥር ያምናል፣ ከቁጥር ይልቅ ደግሞ ገብቶ መቆምን።

የግለሰቡን በተመለከተ ግን ጊዜ አለው። ቆላ ውስጥ አዲስ ጣሪያ የሚመታው ሰሊጥ ከተሸጠ በኋላ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ያኔ ብሩም አናጢውም አለ፣ ቀኑም ለስላሳ ነው፣ ስለ ሙቀት የሚያስብ ግን የለም። አባታችሁ ወይም አጎታችሁ ቆርቆሮ ገዝተው ሲመጡ እናንተ ስልካችሁን ይዛችሁ አጠገባቸው ትኖራላችሁ አይደል? አናጢው የመጨረሻውን ቆርቆሮ ጣሪያው ራስ ላይ ሊደፋ ሲል፣ "ጋሼ፣ ሥሩ ሞራሌ ግባበት፣ አራት ጣት ያህል ከፍ አድርገው" በሉት። አንድ ሞራሌና ግማሽ ሰዓት ነው። ምስማሩ ከተመታ በኋላ ግን እስከሚቀጥለው ሰሊጥ ማንም ተመልሶ አይወጣም።